ግማሽ ኪሎ ሜትር ለጥንቃቄ

ካርታ መሥራት የተማርኩት ገርጂ፣ ከእናቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ከወሎ መጥታ የከፈተቻት ሱቅ ናት። እሷ ከፊት ፓስታና ዘይት ስትሸጥ እኔ ከኋላ በካርቶኖች መካከል ተቀምጬ፣ ሁለት ቁልፉ በወለቀ ላፕቶፕ፣ ከቪዲዮ ላይ እያየሁ መስመር አሰምር ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። እንግሊዝኛዬንም ያገኘሁት ከእነዚያው ቪዲዮዎች ስለሆነ፣ ስለ መስመርና ስለ ነጥብ ሲወራ ምላሴ አይያዝም፤ ሰው ደኅንነቴን ሲጠይቀኝ ግን መልስ ይጠፋኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ኢምፔሪያል አካባቢ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮ ተቀጠርኩ። ቢሮው የሚያስተባብረው እኛና ደቡባዊ ጎረቤታችን ከየበጀታችን ያዋጣነውን፣ አበዳሪዎችም የጨመሩበትን የጋራ ፈንድ ነበር። ገንዘቡ ድንበሩን ለሚጋሩ አካባቢዎች የታሰበ ነው፤ የከብት ክትባት ጣቢያ፣ የገበያ መንገድ፣ የውሃ ጉድጓድ ይሠራበታል። ዋናው ደንብ አጭር ነው። አንድ ሥራ ገንዘብ የሚያገኘው ከሁለቱም ወገን በሚቀርቡት ዝርዝሮች ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። የእኛን ወገን ዝርዝርና ካርታ እኛ እናዘጋጃለን፣ የእነሱን እነሱ፤ ከዚያ የጋራ ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል።

ኃላፊያችን ከወለጋ የመጣች፣ እርስዎ መባል የማትወድ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ስላት «ምነው፣ ካሁኑ አሮጊት አደረግኸኝሳ!» አለችኝ። ፈተና ላይ የሠራሁትን ካርታ ረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ደግሞ «ዲግሪ የለህም። መስመርህ ግን ንጹሕ ነው» አለችኝ። ያን ቃል ሌላው ሰው ዲግሪውን በሚይዝበት አያያዝ ነበር የያዝኩት። ቢሮ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያነሰ ወረቀት ያለኝ እኔ ስለነበርኩ፣ ካሉት ሁሉ ያነሰ ስህተት ሊኖረኝ ይገባል ብዬ አምን ነበር። የመንደር ስም ከነጥቡ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢርቅ ወደ ቤት ሄጄ እንኳ እረፍት አልነበረኝም።

የድንበር ካርታ ግን ከመስመር ንጽሕና ሌላ ነገርም አለው። ከእኔ በፊት የተሠራ አንድ ካርታ፣ የአንድ መንደር ስም የመጨረሻ ሁለት ፊደላት የድንበሩን መስመር ተሻግረው ስለተጻፉ፣ ሦስት መሥሪያ ቤት ዞሮ ተመልሶ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ይህን ታሪክ በሳምንት አንድ ጊዜ ይነግረኝ ነበር፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ «ካርታ ነገር ነው፣ ወንድሜ» ነው። ስለዚህ የካቻምናውን ዝርዝር ስሠራ ከድንበሩ መስመር ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደኋላ ቀረሁ። የመስክ ሠራተኞች በጂፒኤስ ለቅመው ካመጡት ነጥቦች በዚያ ቀጭን ቁራጭ መሬት ውስጥ ያረፉትን ኮምፒውተሩ እንዲተዋቸው አዘዝኩ። በሥራ ማስታወሻዬ ላይም «ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ለጥንቃቄ» ብዬ ጻፍኩ። የተተዉት ነጥቦች ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ አላየሁም። እኔ፣ ሁሉን አንድ በአንድ የማይ ሰው፣ እነዚያን አላየሁም።

በመስከረም መጨረሻ፣ ካርታዎቹ ወደ ኮሚቴው ከመሄዳቸው በፊት፣ ከድንበሩ አካባቢ የመጡ ሰዎች ዝርዝሩን እንዲያዩት ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችና የወረዳ ሰዎች መጥተዋል። የእነሱን ካርታ የሚሠራው ወጣትም መጥቷል። መነጽር ያደረገ፣ እንደኔው ዝምተኛ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሄድ ልጅ ነው። እኔ ፕሮጀክተሩ ጋ ቆሜ ነበር።

የእኛ ካርታ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ቦረና ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው በጥንቃቄ የታሰረ። አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው በውትድርና ነው፤ ቃላቸው አጭር አጭር ነበር።

«ልጄ፣ እዚያ ጋ አቅርብልኝ» አሉኝ። አቀረብኩ። «ይኼ ደረቁ ወንዝ ነው። ይኼ የእኛ መንደር ነው። በመካከሉ ምንድን ነው?»

«ነጭ ነው አባባ» አልኩ።

«ነጭ ምንድን ነው?»

«መረጃ የለም ማለት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«የአያቶቼ ኤላ እዚያ ነው» አሉ። ኤላ ቦረናዎች ለጥልቁ የውሃ ጉድጓዳቸው ያላቸው ስም ነው። «እኛም የምንጠጣው ከዚያ ነው፣ እነዚያም የሚጠጡት ከዚያ ነው። ግድግዳው ተንዷል። በጋው ሳይገባ ካልተሠራ ከብቱን የት ልንወስደው ነው? እኔ አዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት ለእሱ ነው። አንተ ነጭ ነው ትለኛለህ?»

ከወዲያኛው ወገን የመጡ ሌላ ሽማግሌ ከተቀመጡበት በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ኃላፊዬ ተረጎመችው፤ በእነሱ ካርታ ላይም ኤላው የለም ነው ያሉት። ቀና ስል ከመነጽረኛው ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ቶሎ ብሎ ወደ ላፕቶፑ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም ለጥንቃቄ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደኋላ ቀርቷል። እኔ ከመስመሩ ወዲህ፣ እሱ ከመስመሩ ወዲያ ስንሸሽ፣ በመካከላችን አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬት ማንም ሳይነካው ቀረ። ድንበር ለሚጋሩ ሰዎች በተመደበ ገንዘብ፣ ድንበሩ ራሱ ከካርታው ወጥቷል።

ለሻይ ስንወጣ ኃላፊዬን ኮሪደሩ ላይ ያዝኳትና የሆነውን ነገርኳት።

«ነጥቡ መጥቶልህ ነበር?»

«መጥቶልኝ ነበር።»

«አውጥተኸው ነው?»

«አዎ።»

ግንባሯን በሁለት ጣቶቿ ያዘች። «ጌታ ሆይ!» አለች። ቀጥላ ደንቡን አስታወሰችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ ሥራ የማስገቢያው ጊዜ አልፏል፤ አዲስ ከተባለ ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል። ስህተት ማረም ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይቻላል። ለዚያም ከሁለቱም ወገን ስህተቱን የሠራው ባለሙያ እንዴት እንደሠራው ጽፎ መፈረም አለበት። አንዱ ብቻ ከጻፈ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ሄዳ በኦሮምኛ አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳትሮ ሰሟት፤ ቆይተው አንድ ነገር አሉና ራሳቸው ሳቁ። እሷም ሳቀች። «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኦሮምኛሽ ዝናብ የጠገበ አገር ኦሮምኛ ነው፣ ቃሉ ሁሉ ይረዝማል፤ እኛ ዘንድ ይኼን ያህል ሲወራ ከብቱ ይጠማል አሉኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቡልቡላ ነው አይደል የምትኖረው? ልጃቸው እዚያ ኮንዶሚኒየም ነው ያለችው። አድርሳቸው» አለች።

ከቦሌ የቡልቡላ ታክሲ ያዝን። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ስለ ኤላው ነገሩኝ። ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ስለሆነ ውሃውን የሚያወጡት ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ በየእርከኑ ይቆማሉ፤ ከታች ያለው ይቀዳና ለበላዩ ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ለበላዩ፣ እንዲህ እያለ እስከ ገንዳው ይደርሳል። የተናደው ሦስተኛው ሰው የሚቆምበት ነው። «ከታች ሁለት ሰው አለን። ከላይ ሁለት ሰው አለን። መካከሉ የለም» አሉ። ከዚያ ወጣት ልጃቸው በገመድ ተንጠልጥሎ የሦስተኛውን ቦታ ሊሸፍን እንደሞከረ፣ እሳቸው እንደከለከሉት ነገሩኝ። «ውሃ አገኛለሁ ብዬ ልጅ አልቀብርም።»

ቡልቡላ ስንደርስ ውሃ የምትመጣበት ቀን ነበር። እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ ግፊቱ ደግሞ ወደ ላይ ፎቅ አይወጣም፣ ከግቢው ቧንቧ መቅዳት ግድ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ከቧንቧው ጀምሮ እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰልፈዋል። አንዲት ጎረቤታችንና ታክሲ የሚነዳ አንድ ጎረምሳ ተያይዘዋል።

«ጠዋት ነው ያስቀመጥኩት!» ይላል እሱ።

«አስቀምጠህ ሄደህ ተኛህ! እኔ በእግሬ ቆሜ ነው ያደርኩት!» ትላለች እሷ።

ሽማግሌው ቆም ብለው አዩ። «እዚህ ተራ የሚያስከብር ማን ነው?» አሉ ጮክ ብለው።

ጎረምሳው ዞሮ አያቸው። «ማንም የለም አባባ። ጀሪካኑ ራሱ ነው።»

«ጀሪካን ተራ ይይዛል?»

«ይኼ ሸገር ነው አባባ። ጀሪካን ከሰው ይከበራል።»

ሴትየዋ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ጠቡም በዚያው ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ለእኔ ማስረዳት ጀመሩ። በእነሱ ዘንድ ለእያንዳንዱ ኤላ ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፣ አባ ሄሬጋ ይሉታል። እሳቸው ለዚያ ኤላ አባ ሄሬጋ ናቸው። ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል፣ ነገ የማን፣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ኤላውን የቆፈረው ጎሣ ነው፤ የዚያ ጎሣ ግማሹ ከወዲህ ግማሹ ከወዲያ ይኖራል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰውም ቢሆን ተራ ይሰጠዋል፤ ደጋግሞ ጥም ያደከመው መንጋ ከሆነ ከእሳቸው ላሞች ይቀድማል።

«የየት አገር ከብት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም?» አልኩ።

«ከብት መታወቂያ ያወጣል እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መልሰው «አንተስ ለምን ዘለልከው?» አሉኝ። በአዳራሹ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ኃላፊዬም እንዳልነገረቻቸው አውቃለሁ። ያወቁት ፊቴን አይተው መሆን አለበት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመስመሩ ወደኋላ ቀረሁ።»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ።»

«ያኛውስ ልጅ፣ ባለመነጽሩ?»

«እሱም።»

«እኛ እዚያ መስመሩ ላይ እንኖራለን» አሉ። «እናንተ እዚህ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ትፈራላችሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዬ ጠራችኝ። ረቂቅ ደብዳቤ አዘጋጅታ ነበር። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ይላል። በአገራችን መሥሪያ ቤት የማይሠራ ሊፍት፣ የጠፋ ፋይል፣ የዘገየ ደመወዝ ሁሉ የሚሸፈነው በዚህ ቃል ነው።

«ኮምፒውተሩ የሠራው ነገር የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ።» ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ኮንትራትህ በታኅሣሥ ያልቃል። ስህተት ሠራሁ የሚል ወረቀት ፋይልህ ውስጥ ተቀምጦ ግምገማ ላይ ትቀርባለህ። ከአንተ በላይ ያሉት ሰዎች የሚያነቡት ዲግሪ የለውም የሚለውንና እሱን ወረቀት ነው። ሌላ አያነቡም። ወንድሜ ብትሆን የምነግርህን ነው የምነግርህ።»

«በቴክኒክ ችግር ከተባለ ኮሚቴው ይቀበለዋል?»

«ማጣራት ይጠይቃል ይላሉ» አለች። «ማጣራቱ በጋውን ይፈጃል።»

ወደ ወንበሬ ተመልሼ የራሴን ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ቀየርኩት። የመጨረሻው አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። የመስክ ነጥቡ ደርሶኝ እንደነበር፣ ከድንበሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ያስወጣሁት ራሴ እንደሆንኩ፣ ማንም እንዳላዘዘኝ፣ የኤላው ነጥብ ከእነሱ አንዱ እንደነበር። ፈርሜ ሰጠኋት። አንብባ፣ ፊርማዬ ሥር የቢሮውን ማኅተም ስትመታ እጇን ከበድ አድርጋ ነው የመታችው።

የቀረው ባለመነጽሩ ልጅ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ስለነበር ደወልኩለት። በእንግሊዝኛ ነው የተነጋገርነው፤ ስለ ነጥቡና ስለ ርቀቱ ስናወራ ሁለታችንም ቀጥ ብለን ተናገርን። ፊርማው ላይ ስንደርስ ድምፁ ወረደ። ሚስቱ ከወለደች ወር አልሞላትም፤ ቅጥሩ የሙከራ ነው። «ኮምፒውተሩ ነው በል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ» አለኝ። ጽፌ እንደጨረስኩ ነገርኩት። «እንግዲያው አንተ ጎበዝ ነህ» አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳም።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ ሽማግሌው ልጅ ቤት አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ነገሩን ነገርኳቸው። ምንም አልመሰላቸውም። ስልካቸውን አውጥተው ከወዲያ ላሉ፣ እንደሳቸው ለሸመገሉ የአጎታቸው ልጅ ደወሉና ጥቂት ቃላት ተናገሩ።

«ምን አሏቸው?»

«ባለመነጽሩ ልጅ ቢሮ ሂድና ቁጭ በል አልኩት።»

«ቁጭ ብለው ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ቁጭ ነው። ሲከፈት ይገባል፣ ሲዘጋ ይወጣል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ደጅህ ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ እንጀራህ አይዋጥልህም።»

የወንዙን ያህል የሸመገሉ ሰው ወንበሩ ፊት ተቀምጠው የሚያዩትን ያን ልጅ፣ ከኋላውም ወር ያልሞላውን ሕፃን አሰብኩ። ደስ አላለኝም። ግን «ተዉት» አላልኩም። ይህንንም የምጽፈው አላልኩም ነበርና ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ሊዘጋ ሲል፣ የልጁ ደብዳቤ መጣ። ስካኑ ጠማማ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ግን ተፈርሟል። ኃላፊዬ ሁለቱን አንድ ላይ አያይዛ ላከች። በኅዳር ኮሚቴው ኤላውን ወደ ዝርዝሩ መለሰው። ሽማግሌው ያን ጊዜ አገራቸው ገብተው ነበር፤ ስደውልላቸው መረቁኝ፣ ምርቃቱን በኦሮምኛ ስላደረጉት ሁሉንም አልተረዳሁትም።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ግን የራሱ ርምጃ አለው። የሌሎቹ ጉድጓዶች ጨረታ ዝርዝሩ ሲዘጋጅ አብሮ ስለወጣ አልቋል፤ የኤላው ግን ለብቻው እንደገና በሁለት አገር ጋዜጣ መውጣት ነበረበት። ድንጋዩ ከየትኛው ወገን ይምጣ የሚለው ብቻ ሦስት ደብዳቤ ወሰደ። በታኅሣሥ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መቼ ነው?» ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። «ጨረታ ላይ ነው» አለች። በዚያው ወር ግምገማዬ ነበር፤ በዓመት ፋንታ ስድስት ወር ታደሰልኝ፣ ከእንግዲህ የምሠራውን ካርታ ሁሉ ዲግሪ ያለው ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ተወሰነ። በጥር ሽማግሌው እንደገና ደወሉ። ከብቱን የሁለት ቀን መንገድ ወዳለ ሌላ ኤላ እየነዱ ነው፤ እዚያም ተራ የያዙት ብዙ ናቸው። «መቼ ነው?» አሉኝ። «ውል እየተፈረመ ነው» አልኳቸው። ውል እየተፈረመ ነው የሚለውን ቃል ለተጠማ ከብት ባለቤት ሲናገሩት ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አወቅሁ። ደብዳቤው የፈጀው ሳምንት ነው፤ ነጥቡን መጀመሪያ ባላወጣው ኖሮ ግን ኤላው ከሌሎቹ ጋር ሄዶ በጥቅምት ይጀመር ነበር። የሌሎቹ ጉድጓዶች ሥራ በጥቅምት ተጀምሯል። ቀኑን እኔው ነኝ በሠንጠረዥ የሞላሁት።

የእኛው በየካቲት መጨረሻ ተጀመረ። ሥራው ሲያልቅ መጋቢት ተጋምሶ ነበር። የርክክቡ ወረቀት ቢሮ በደረሰ ቀን ከምሳ በፊት ደወልኩላቸው። ግድግዳው ተገንብቷል፣ ሦስተኛውም ሰው ቆሞበታል አሉኝ። ከበስተኋላቸው ሰዎች ይጯጯሃሉ።

«ከብቶቹስ አባባ?»

«ደክመዋል።»

«ስንት ነው ያለቀው?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀትና እርሳስ ነበር፤ ቁጥሩን ልጽፈው ነበር። ለማን እንደምጽፈው አላውቅም። ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለም። ብቻ የኔ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነች በልክ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ከብት አይቆጠርም። እኛ ዘንድ የሞተውም አይቆጠር፣ ያለውም አይቆጠር። ያሉት አሉ።»

ከዚያ እናቴን ጠየቁኝ፣ ኃላፊዬን ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልኳቸው። ወረቀቱን ባዶውን አጠፍኩት።